ቡሪቶ ስጠቀልል ለምን ይቀደድብኛል? የምታውቁ ወዲህ በሉ

የማታ_ተረኛ
ሰላም ለሁላችሁ። ቤት ውስጥ ቡሪቶ መሥራት ከጀመርኩ ሰንበትበት ብያለሁ። ጣዕሙ ላይ እምብዛም ቅሬታ የለኝም፤ ቤተሰቡም ይበላዋል። ያስቸገረኝ አጠቃለሉ ነው። መሙያው የሚጠቀለልበት ስስ ቂጣ፣ ቶርቲላው፣ ወይ ገና ሳጥፈው ከጎኑ ይሰነጠቃል፣ ወይ ግማሽ ላይ ስደርስ ከታች ረጥቦ ይበሳና ፈሳሹ በእጄ ላይ ይወርዳል። ደግሞ አንዴ ስገምጠው ሩዝ ብቻ፣ ቀጥሎ ስገምጠው አይብ ብቻ አፌ ውስጥ ይገባል።

የምጠቀመው ከመደብር የሚገዛ የስንዴ ቶርቲላ ነው፤ ስለካው 20 ሴንቲ ሜትር ነው። የምሞላው የተፈጨ ሥጋ፣ ሩዝ፣ ቦሎቄ፣ ቲማቲም፣ አቮካዶ፣ ሰላጣ፣ አይብና ሳወር ክሬም (ጎምዛዛው ክሬም) ነው። ቶርቲላውን ከፓኬቱ አውጥቼ ሳህን ላይ ዘርግቼ፣ ሞልቼ እጠቀልላለሁ፤ በቃ። "አታብዛበት" ብቻ ብላችሁ እንዳታልፉኝ አደራ። እሱን ሚስቴም ነግራኛለች።

ሊጥ_በእጄ
ሚስትህ ልክ ናት፤ ግን ከዚያ የሚቀድም ነገር አለ። "ከፓኬቱ አውጥቼ ሳህን ላይ ዘርግቼ" ያልከው ጋ ነው ጉዱ። ቀዝቃዛ ቶርቲላ አይታጠፍም፣ ይሰነጠቃል እንጂ። የስንዴ ቶርቲላ ከተጋገረ በኋላ በቆየ ቁጥር ውስጡ ያለው ስታርች እየጠጠረ ይሄዳል። ሙቀት ሲያገኝ መልሶ ይለሰልሳል፣ ሲቀዘቅዝ ደግሞ እንደገና ይጠጥራል። ስለዚህ እያንዳንዱን አሙቀህ ወዲያው ሙላው። ሁሉንም አንዴ አሙቀህ ጠረጴዛ ላይ ከደረደርካቸው የመጨረሻው ተራው እስኪደርስ ደርቆ ይጠብቅሃል።

እኔ መጥበሻውን ያለ ዘይት በመካከለኛ እሳት አግልና አንዱን ጎን 20 ሰከንድ፣ ሌላውን 20 ሰከንድ አሳየዋለሁ። ከዚያ በንጹሕ ፎጣ ጠቅልዬ አንድ ደቂቃ አቆየዋለሁ፤ የራሱ እንፋሎት ያለሰልሰዋል። ማይክሮዌቭ ካለህ እርጥብ የወረቀት ፎጣ አልብሰህ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ይበቃዋል። መድረሱን ለማወቅ ጠርዙን አጠፍ አድርገህ በሁለት ጣትህ ቆንጠጥ በለው። እጥፋቱ ላይ ነጭ መስመር ከታየ አልደረሰም። ስትለቀው ምንም ምልክት ሳይቀርበት ቀስ ብሎ ከተዘረጋ ሙላው።

ሁለተኛ፣ 20 ሴንቲ ሜትር የታኮ፣ ማለትም አንዴ ብቻ ታጥፎ የሚበላው ትንሹ ቶርቲላ፣ ልክ ነው። ስፋቱን ብታሰላው የ30 ሴንቲ ሜትሩ ከ20ው ከሁለት እጥፍ በላይ ቦታ አለው። ሁለቱን ጎን አጥፈህ የሚተርፍህ ነገር ከሌለ ምኑን ልትጠቀልለው ነው? ከ25 በታች አትግዛ። የበቆሎ ቶርቲላም አትሞክር፤ በቆሎ ግሉተን የሚባለው ሊጡን የሚያያይዝ ፕሮቲን ስለሌለው አይሳብም።

ድስት_ክዳን
የጠየቅከው ሁለት የተለያየ ነገር ነው። መሰንጠቁን ሊጥ_በእጄ መልሳልሃለች። ከታች መበሳቱ ግን የቶርቲላው ጥፋት አይደለም፣ የውሃ ነው። የምትሞላውን አንድ በአንድ እየው። ቲማቲም ውሃ፣ ሰላጣ ውሃ፣ ሳወር ክሬም ውሃ፣ የሥጋው መረቅ ውሃ፣ ቦሎቄውን ከጣሳ ገልብጠህ ከሆነ እሱም ውሃ። ይህን ሁሉ በስስ ቂጣ ጠቅልለህ እንዴት እንዳይበሳ ትጠብቃለህ?

ሥጋው ላይ ብዙ ሰው ይቸኩላል። የተፈጨ ሥጋ መጥበሻ ላይ ሲገባ መጀመሪያ ውሃውን ይለቅና በዚያው ውሃ ይቀቀላል። ቅላቱ ስለጠፋ በስሏል ተብሎ የሚወርደው እዚህ ጋ ነው። ጠብቀው። ድምፁ ከመንተክተክ ወደ "ችስስ" ሲለወጥ ውሃው አልቆ በራሱ ስብ መጠበስ ጀምሯል ማለት ነው፤ ቡኒ ቀለሙም ጣዕሙም የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ከሙኑን፣ ኦሬጋኖውንና ደረቁን ቃሪያ ያን ጊዜ ጨምር። በእንጨት ማንኪያ የመጥበሻውን ወለል ጫር ስታደርገው ያጸዳኸው መንገድ ላይ ፈሳሽ ተመልሶ ካልገባ አውጣው።

ቲማቲሙን ሰንጥቀህ ፍሬውንና ዝልግልጉን አውጣለት። የቀረውን በደቃቁ ከትፈህ ጨው ነስንስበትና ማጥለያ ላይ 15 ደቂቃ ተወው። ከሥሩ የሚጠራቀመውን ውሃ አይተህ ፍረድ። ሽንኩርቱን፣ ቃሪያውን፣ የድንብላል ቅጠሉንና ሎሚውን ከዚያ በኋላ ቀላቅል፤ ሳልሳህ ይህ ነው።

ሰላጣውን ተወው፤ ትኩስ ሥጋ አጠገብ ወዲያው ይጠወልጋል። የሚንኮሻኮሽ ነገር ካማረህ በቀጭኑ የተከተፈ ጥቅል ጎመን ይሻላል። ሳወር ክሬሙን ደግሞ ውጭ አስቀምጠው፣ እየነከርክ ብላ።

ቁጡ_ቃሪያ
ሁሉም ጥሩ። እኔ አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ሩዙ ምን ሊሠራ ገባ?

ቡሪቶ የሰሜን ሜክሲኮ ምግብ ነው፣ የሶኖራና የቺዋዋ። ስንዴን ስፔናውያን በ16ኛው ክፍለ ዘመን ይዘው መጡ፤ ደረቁ ሰሜን ደግሞ ተስማማው። ደቡቡ በበቆሎ ሲቀጥል ሰሜኑ የስንዴ ቶርቲላ ሀገር ሆነ። በዚያ አካባቢ ቡሪቶ ቀጭን ነው። ማቻካ የሚሉት የደረቀና የተፈተለ የበሬ ሥጋ፣ ወይም በቀይ ቃሪያ የተሠራ ወጥ፣ ወይም የተፈጨ ቦሎቄ ብቻ ይገባበታል። አንድ ነገር፣ ቢበዛ ሁለት። ሩዝና ሰላጣ፣ ሳወር ክሬምና አቮካዶ አንድ ላይ የታጨቀበት ትልቁ ጥቅል የሳን ፍራንሲስኮው ሚሽን ሠፈር ነው፤ እሱም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1960ዎቹ ወዲህ የመጣ ነው። ኤል ፋሮ የሚባለው ቤት በ1961፣ ላ ኩምብሬ የሚባለው በ1969 ጀመርነው ይላሉ፤ ይከራከሩበት።

የማታ_ተረኛ፣ አንተ የዘረዘርከው ስምንት ነገር ነው። ስምንት ነገር ተሞልቶበት አንዱ አንዱን ሳይገፋ የሚቀር ቶርቲላ የለም። ሥጋውን በደንብ ሥራና ከቦሎቄ ጋር ብቻ አንዴ ሞክረው።

ድስት_ክዳን
አጅሬ፣ ታሪኩ ልክ ነው፣ ፍርዱ ግን አልተዋጠልኝም። ሩዝ ሥራ አለው፤ ከሥጋውና ከሳልሳው የሚወርደውን ፈሳሽ ይጠጣል። ችግሩ ሰው ጣዕም የሌለው ነጭ ሩዝ ይሞላና "ሩዝ አይሆንም" ይላል። ሩዙን አጥበህ በዘይት ቆላ አድርገው፤ ጥርት ያለው ፍሬ ነጣ ሲል ነጭ ሽንኩርትና የተፈጨ ቲማቲም ጨምር። ከዚያ ውሃ፤ ለ1 ስኒ ረጅም ሩዝ የቲማቲሙን ጨምሮ 1 ተኩል ስኒ ፈሳሽ ይበቃዋል። ክዳን፣ ዝቅ ያለ እሳት፣ 15 ደቂቃ። እሳቱን አጥፍተህ ሳትከፍት 10 ደቂቃ ተወው። መጨረሻ ላይ ሰፊ ትሪ ላይ ዘርጋው፤ እንፋሎቱ ካልወጣለት እዚያው ጥቅሉ ውስጥ ገብቶ ቶርቲላውን የሚያረጥበው እሱ ይሆናል።

መጠኑን ብትለኝ እስማማለሁ። ሩዙ ከሥጋው ካነሰ ጥሩ፣ ከበለጠ መጥፎ።

ቁጡ_ቃሪያ
ቅድም ውሃ እንዳይገባ አልክ፤ አሁን ደግሞ ውሃ የሚጠጣ ነገር አስገባ ትላለህ። ሥጋው ከደረቀ ሩዙ የሚጠጣው ምኑን ነው?

ድስት_ክዳን
ሳልሳውን። ያለ ሳልሳ የምትበላ ከሆነ አልከራከርህም።

ሥጋ_አልቀምስም
ሁለታችሁ ስትጨርሱ ስለ ቦሎቄ እናውራ? እኔ ሥጋ ስለማልበላ ለኔ ቡሪቶ ማለት ቦሎቄው ነው፣ ሰው ደግሞ ጣሳ ከፍቶ ከመገልበጥ አያልፍም።

ደረቅ ቦሎቄ ከሆነ ማታ ዘፍዝፉት፤ ፒንቶም ጥቁሩም ይሆናል። መዘፍዘፊያው ውሃ ላይ ጨው ጨምሩ፣ ለ1 ሊትር 15 ግራም ገደማ። ጨው ቦሎቄ ያጠጥራል የሚባለው ልክ አይደለም፤ እንዲያውም ቆዳውን ያለሰልሰዋል፣ ሳይፈነዳም እኩል ይበስላል። የሚያጠጥረው ጎምዛዛ ነገር ነው። ቲማቲምና ሎሚ ቦሎቄው ሙሉ በሙሉ ሳይበስል ከገባ እስከ ማታ ብትቀቅሉት አይለሰልስም።

ቀዩን ትልቅ ቦሎቄ የምትጠቀሙ ደግሞ ተጠንቀቁ። ጥሬው ውስጥ ያለው ሌክቲን የሚባል ነገር ሆድ ያገለብጣል፤ አራት አምስት ጥሬ ፍሬ እንኳ ሊያስታውክ ይችላል። የዘፈዘፋችሁበትን ውሃ ድፉና በአዲስ ውሃ ክፉኛ እየተንፈቀፈቀ ቢያንስ 10 ደቂቃ፣ ለእርግጠኝነት 30 ደቂቃ ይፍላ። በዝግታ የሚያበስለው የኤሌክትሪክ ድስት ውስጥ ጥሬውን ጨምሮ መሄድ አደገኛ ነው፤ ሙቀቱ ሳይፈላ ዝቅ ብሎ ከቆየ መርዙ ይብስበታል። ከጣሳ የሚወጣው ግን የበሰለ ስለሆነ አያሰጋም።

አሁን ወደ ጣዕሙ። ሽንኩርት በዘይት በደንብ ቡኒ እስኪሆን ጠብሱ፣ ነጭ ሽንኩርትና ከሙን ጨምሩ፣ ከዚያ የተጠለለውን ቦሎቄ። የተቀቀለበትን ውሃ አትድፉት፤ ጠብታ በጠብታ እየጨመራችሁ በመጥበሻው ላይ ደፍጥጡት። ግማሹ ይላም፣ ግማሹ ፍሬው ይታወቅ። ማንኪያው ላይ አንስታችሁ ስትገለብጡት ወዲያው ካልወደቀ በቂ ወፍራም ነው። ይህ ወፍራም ቦሎቄ ሌላ ጥቅም አለው። ቶርቲላው ላይ መጀመሪያ በስሱ ሲቀባ ሌላው ሁሉ ተጣብቆ ይይዛል።

የማታ_ተረኛ
ቦሎቄውን ከጣሳ ነበር የምገለብጠው፣ ነገሩ ገብቶኛል። እዚህ ላይ ግን ቅደም ተከተሉ ግር አለኝ። ሥጋ_አልቀምስም ቦሎቄ ከሥር ትላለች፤ አይቡን ከሥር አድርጉ የሚሉም አንብቤያለሁ። የትኛው ነው? አጠቃለሉንስ የሚያሳየኝ አለ? ቪዲዮ ላይ እጃቸው ስለሚፈጥን አልያዝ ብሎኛል።

ባለ_ምድጃ
ልጄ፣ እኔ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ወጥ ቤት ውስጥ ነውና ቀስ ብዬ ልንገርህ።

ቅደም ተከተሉ እንደየሰዉ ነው፤ መሠረቱ ግን ሁለት ነው። የሚቀልጥ ነገር ትኩስ ነገር ይንካው፣ የሚያረጥብ ነገር ቶርቲላውን አይንካው። ስለዚህ አይቡን ትኩሱ ቶርቲላ ላይ በስሱ በትን፣ ወይም ያችን ቦሎቄ ቀባ አድርግ። ከዚያ ሩዝ፣ ከዚያ ሥጋ። ሳልሳና አቮካዶ መሃል ላይ፣ ሥጋው ጀርባ ላይ ይቀመጡ፤ ስትጠቀልለው በሌላው ይከበባሉ። አይቡን እቤት ፍቀው። ተፈቅፍቆ የሚሸጠው እንዳይጣበቅ ስታርች ስለሚነሰነስበት እንደ ቁራጩ አይቀልጥም።

ሩዝ ብቻ፣ አይብ ብቻ የሚያጋጥምህ ክምር አድርገህ ስለምትሞላ ነው። ከጎን ወደ ጎን በመስመር ዘርጋው፤ እያንዳንዱ ነገር ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ ይድረስ። ያን ጊዜ የትም ብትገምጠው ሁሉም ይገኛል።

አሁን እጅህ። መሙያውን መሃል ለመሃል ሳይሆን ከመሃል ትንሽ ወደ ራስህ አቅርበህ አስቀምጥ። ግራና ቀኝ አራት አራት ጣት ያህል ባዶ ተው። ለ30 ሴንቲ ሜትር ቶርቲላ ጠቅላላው መሙያ ከ250 ግራም ባይበልጥ ደስ ይለኛል። መጀመሪያ ሁለቱን ጎን ወደ ውስጥ እጠፍ፤ መሙያውን ጫፍና ጫፉ ላይ ይሸፍኑት። ጎኖቹን በትንንሽ ጣቶችህ እንደያዝክ በአውራ ጣቶችህ ወደ አንተ ያለውን ጠርዝ አንሣና መሙያውን አልብሰው። ሰው ሁሉ የሚያልፋት ቀጥሎ ያለችው ናት። ወደ ፊት ከመጠቅለልህ በፊት ቁም። ያለበስከውን ጠርዝ በጣቶችህ ከመሙያው ሥር እየወተፍክ መላውን ነገር ወደ ራስህ ሳበው። መሙያው ሲጠብቅና ሲወጠር እጅህ ላይ ይታወቅሃል፣ ልክ ሕፃን ስትጠቀልል እንደምትስበው። ካልሳብከው ውስጡ አየር ይቀራል፤ የሚፈራርሰውም በዚያ ነው። ከዚያ ጎኖቹ እንዳይከፈቱ እየተጠነቀቅክ ወደ ፊት አንከባልለው።

አላለቀም። መገጣጠሚያውን ወደ ታች አድርገህ በደረቅና በጋለ መጥበሻ ላይ አስቀምጠው፤ ለአንድ ለሁለት ደቂቃ ሳትነካው። ይጣበቃል። ከዚያ እያገላበጥክ ሌላውን ጎን አቅላው። ከፈለግህ ጥቂት ዘይት ቀባ፤ እኔ ደረቁን እመርጣለሁ። ይህን ካደረግህ በኋላ ያለ ፎይል እንኳ አይከፈትም።

የማታ_ተረኛ
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ያቺ "ወደ ራስህ ሳበው" ያሏት ቪዲዮው ላይ ጭራሽ አልታየችኝም ነበር።

ቁጡ_ቃሪያ
ጋሼ ባለ_ምድጃ፣ እርስዎ ሩዝ አስገቡ እንጂ ሌላው ሁሉ አንጀት አርስ ነው።

ባለ_ምድጃ
ከፋዩ ሩዝ ካለ ሩዝ ነው፣ ልጄ።

ነጠላ_ሰረዝ
አንባቢ ብቻ ሆኜ ነበር፣ አሁን ግን መጠየቅ አለብኝ። የመደብሩ ቶርቲላ እኔ ጋ ያለው ወረቀት ወረቀት ይላል። እቤት መጋገር ያን ያህል ከባድ ነው? ሊጥ_በእጄ፣ በስምሽ ካመንኩሽ አንቺ ታውቂያለሽ።

ሊጥ_በእጄ
ከባድ አይደለም፣ ግን ትዕግሥት ይፈልጋል፤ በተለይ ማሳረፉ ላይ።

300 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ 1 የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 60 ግራም ስብ። ሶኖራ ውስጥ የአሳማ ስብ ነው ባህሉ። ያንን የማትጠቀሙ በአትክልት ስብ ወይም በቅቤ ይሆናል፤ በፈሳሽ ዘይትም ይሠራል፣ ልስላሴው ግን ትንሽ ይቀንሳል። ስቡን ከዱቄቱ ጋር በጣት እያሻሹ አሸዋ እስኪመስል ማዋሃድ ነው። ስቡ የዱቄቱን ፕሮቲን ስለሚሸፍነው ግሉተኑ ረጅም ሆኖ አይጠነክርም፤ ያ ነው ቶርቲላውን ለስላሳ የሚያደርገው። ከዚያ 160 ሚሊ ሊትር ገደማ ሙቅ ውሃ፤ እጅ የሚችለው ይሁን፣ የፈላ አይደለም። ሙቅ ውሃ ሊጡን ያላላዋል፣ ሲዳመጥም እንደ ልብ ይዘረጋል። ውሃውን አንዴ አትድፉት፤ የዱቄት ጠባይ ይለያያል።

5 ደቂቃ ያህል አሹት። ጥፍጥፍ ያለው ፊት ለስለስ ሲል በ5 ወይም በ6 ክፈሉ፣ አድበልብሉ፣ በእርጥብ ፎጣ ሸፍናችሁ ቢያንስ 30 ደቂቃ አሳርፉ። ስትዳምጡት ወዲያው ተመልሶ የሚሰበሰብ ከሆነ አላረፈም፤ አትታገሉት፣ ሌላ 10 ደቂቃ ስጡት። ከመሃል ወደ ውጭ ዳምጡ፣ በየዙሩ ሩብ ዙር አዙሩት። ከሥሩ ያለው የጠረጴዛ ቀለም በትንሹ እስኪታይ ድረስ ይሳሳ። ሶኖራ ውስጥ ሶባኬራ የሚሏትን ሰፊና ስስ ቶርቲላ የሚሠሩ ሴቶች በመዳመጫ ሳይሆን በእጃቸው እየሳቡ እስከ ክርናቸው ያደርሷታል፤ ያን እኔም አልሞክርም።

መጥበሻው በደንብ ይጋል። ሊጡ ሲገባ ከ30 ሰከንድ ባልበለጠ ጊዜ አረፋ ካላወጣ እሳቱ አንሷል። አንዴ ገልብጡት፣ ሌላ 30 ሰከንድ፣ አበቃ። ቡናማ ነጠብጣብ ካያችሁ ትክክል ነው፤ ዙሪያውን ቡናማ ከሆነ ደርቋል፣ ጥቅል አይሆንም። እሳት ዝቅ አድርጎ ረጅም ጊዜ ማቆየት ነው ብዙውን የሚያደርቀው። እንደወጣ ፎጣ ውስጥ፣ አንዱ በአንዱ ላይ፤ እንፋሎቱ እዚያ ይጨርስለታል።

ነጠላ_ሰረዝ
ቤኪንግ ፓውደርስ? አንዳንዱ ይጨምራል።

ሊጥ_በእጄ
ይጨምሩታል፤ ትንሽ ወፈር፣ ነፋ ያደርገዋል። ከወጥ ጋር ለሚበላ ጥሩ ነው። ለሚጠቀለል ግን ስሱን እመርጣለሁ፣ ስለዚህ እኔ አልጨምርም።

ቁጡ_ቃሪያ
ሁላችሁም ቅርፊቱ ላይ ናችሁ፣ ጣዕሙን የሚሰጠው ቃሪያ ግን በአንዲት ቃል ታልፏል። ዱቄት ቃሪያ ሥጋ ላይ መነስነስ አንድ ነገር ነው፣ ቃሪያውን ራሱን መሥራት ሌላ።

ደረቅ ቃሪያ ውሰዱ። አንቾ ካገኛችሁ፣ ፖብላኖ የሚባለው በስሎ ሲደርቅ ነው፤ ጣፋጭና ለዘብ ያለ። ጓሂዮ ቀለሙ ያምራል። ቺፖትሌ ደግሞ ቀልቶ በጭስ የደረቀ ሃላፔኞ ነው፤ አንዷ ብቻ ድስቱን ጭስ ጭስ ታሰኘዋለች። እነዚህ ከሌሉ ያላችሁን ለዘብ ያለ ቀይ ደረቅ ቃሪያ በጭስ ከደረቀ ፓፕሪካ ጋር ቀላቅሉ። ዘንጉንና ፍሬውን አውጡ፣ በጋለ ደረቅ መጥበሻ ላይ በየጎኑ ጥቂት ሰከንድ ጫን አድርጉት። ሽታው ሲነሣ አውጡ፤ ከጠቆረ መራራ ነው፣ ወዲያ ጣሉት። በሙቅ ውሃ 20 ደቂቃ ዘፍዝፉ፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከከሙንና ከጨው ጋር ፍጩ፣ በወንፊት አጥልሉ። አሁን ዘይት አግሉና ይህን ለብቻው ጥበሱት። ይረጫል፣ ክዳን አጠገብ ይሁን። ጥቁር ቀይ ሆኖ ዘይቱ ዳር ዳሩን ሲለይ ነው የደረሰው።

ከዚያ የዶሮ ጭን ወይም የበሬ ትከሻ በዚህ ውስጥ ቀስ ብሎ ይብሰል፣ እስኪፈተል። ስትጨርሱ ፈሳሹን ሥጋው ላይ እስኪጣበቅ አምጡት። የተፈጨ ሥጋ ለዚህ ነገር ችኮላ ነው።

ቀጭን ጥብስ የምትወዱ ደግሞ ጠፍጣፋውን የጎን ሥጋ በጣም በጋለ መጥበሻ ጠብሳችሁ አሳርፉና ቃጫውን አቋርጣችሁ በትንንሹ ቁረጡ። ትልልቅ ቁራጭ በጥርስ አይቆረጥም፤ አንዴ ሲገመጥ ሙሉው ተስቦ ይወጣል፣ ቡሪቶው ባዶ ይቀራል።

ሥጋ_አልቀምስም
ይሄው ቃሪያ ለእንጉዳይም ይሆናል። እንጉዳዩን መጀመሪያ ያለ ዘይት ውሃው እስኪያልቅ ጥበሱ፣ ዘይቱን ከዚያ። ስኳር ድንች በኦቨን የተጠበሰም ያምራል፣ ግን ከሩዝ ጋር አንድ ላይ አታድርጉት፤ በጣም ይከብዳል። (ቁጡ_ቃሪያ፣ ደስ አይበልህ።)

ፍሪዘር_ሙሉ
እኔ ጋ አንድ ቀን ተሠርቶ ለሳምንታት የሚበላ ስለሆነ ስለ ማስቀመጥ ላክል።

ለፍሪዘር የሚሠራው ከትኩሱ ይለያል። ቲማቲም፣ ሰላጣ፣ አቮካዶ፣ ሳወር ክሬም ጭራሽ አይግቡ፤ ሲቀልጡ ውሃ ይሆናሉ። ሥጋ፣ ቦሎቄ፣ ሩዝና አይብ ብቻ። መሙያው ቀዝቅዞ ይግባ፣ ትኩሱን ከጠቀለላችሁት እንፋሎቱ ውስጡ በረዶ ይሠራል። ቶርቲላው ግን ሙቅ ይሁን፣ አለበለዚያ ይሰነጠቃል።

ሩዙን ማቀዝቀዝ ላይ አትቀልዱ። ሩዝ ውስጥ ባሲለስ ሴሬስ የሚባል ባክቴሪያ ዘር ቅቅሉን ተቋቁሞ ይቆያል፤ የበሰለው ሩዝ ለብ ብሎ ጠረጴዛ ላይ ሲያድር ይራባና መርዝ ያመርታል፣ መርዙ ደግሞ መልሶ በማሞቅ አይጠፋም። ትሪ ላይ ዘርግታችሁ በአንድ ሰዓት ጊዜ ውስጥ ፍሪጅ አስገቡት።

እያንዳንዱን በፎይል አጥብቃችሁ ጠቅልሉ፣ ሁሉንም አንድ ላስቲክ ከረጢት ውስጥ አድርጋችሁ አየሩን አውጡ። እስከ 3 ወር ጣዕሙ ደህና ነው። ለመብላት ስትፈልጉ ማታ ወደ ፍሪጅ አውርዱት። ጠዋት ፎይሉን አውጥታችሁ፣ ፎይል ማይክሮዌቭ ውስጥ አይገባም፣ በእርጥብ ወረቀት ፎጣ ሸፍናችሁ ውስጡ እስኪፈላ አሙቁ። ከዚያ መጥበሻ ላይ ገልበጥ ገልበጥ፤ ማይክሮዌቭ ያላላውን ቅርፊት ይመልሰዋል። በኦቨን ከሆነ ከነፎይሉ በ190 ዲግሪ፤ ከበረዶ በቀጥታ ከሆነ 40 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል።

ድስት_ክዳን
ጥሩ። አንድ ነገር ልጨምር፤ ፎይል ለትኩሱም ይጠቅማል። ጠቅልሎ አምስት ደቂቃ ማቆየት ሁሉንም ያስማማዋል፣ አይቡም ይቀልጣል። ከዚያ በላይ ግን ቅርፊቱን ያላቁጠዋል።

ባለ_ምድጃ
በመጥበሻ ያቀላኸውን ከሆነ ፎይል አታልብሰው፤ የለፋህበትን መንኮሻኮሽ ታጠፋዋለህ። ወይ ይህ ወይ ያ።

ነጠላ_ሰረዝ
የመጨረሻ ጥያቄ፣ አትሳቁብኝ። የተጠበሰ ድንች ቡሪቶ ውስጥ ይገባል?

ቁጡ_ቃሪያ
ሳን ዲዬጎ ውስጥ ይገባል። ካሊፎርኒያ ቡሪቶ ይሉታል፤ በከሰል የተጠበሰ ሥጋ፣ አይብና የተጠበሰ ድንች። ሩዝ የለም፣ ቦሎቄም የለም፤ ስለዚህ እኔ ተቃውሞ የለኝም።

ድስት_ክዳን
ሩዝ ሲሆን ስታርች፣ ድንች ሲሆን ባህል። እሺ።

ባለ_ምድጃ
ይገባል ልጄ፣ ግን ድንቹን ሁለቴ ጥበሰው። መጀመሪያ በለዘበ ዘይት እስኪበስል፣ አውጥተህ ካሳረፍከው በኋላ በጋለ ዘይት እስኪቀላ። ጨው እንደወጣ፣ ድንቹም ቶርቲላው ውስጥ መጨረሻ ላይ፤ ሳልሳው እንዳይደርስበት በሥጋው በኩል አስጠጋው። ተጠቅልሎ ቆይቶ የሚበላ ከሆነ ግን ድንቹን ተወው፣ ለሱ ሩዝ ይሻላል።